የወንበሩ ላይና ታች

ሰፈሩ ጋሽ ቁጭበሉ ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ግን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ቅጽል ስሙ የወጣለት አንድ ወንበር ጠግኖ በጨረሰ ቁጥር ባለቤቱን "ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ እንጂ! ቆሞ ማየት ምን ያደርጋል?" እያለ ስለሚያስጨንቅ ነው። ሰውየው ሲቀመጥ ጋሽ ቁጭበሉ አንገቱን ዘመም አድርጎ ጆሮውን ያቆማል። አዲስ የተጎነጎነ መቀመጫ ሰው ሲያርፍበት ሲጥጥ ይላል። ያቺን ድምፅ ካልሰማ ወንበሩን አያስረክብም።

የሚጠግነው ከሐረግ ልጥ የሚጎነጎነውን ወንበር ነው፤ መቀመጫው እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን፣ በድሮ ሳሎኖችና በሐኪም ቤት በረንዳዎች የሚታየውን። እንዲህ ያለው ወንበር በሦስት ምክንያት ይቀደዳል። ሰው ቆሞበት አምፖል ይቀይራል፣ ድመት ጥፍሯን ትስልበታለች፣ ወይም ደግሞ ወፈር ያለ ዘመድ እንግድነት ይመጣል። ጋሽ ቁጭበሉ ሦስቱንም አይቶ ይለያል። ለሦስተኛው ግን የቤቱን ክብር ለመጠበቅ ሲል "ልጡ አርጅቶ ነው" ይላል።

በሥራው የሚያማው ሰው የለም። ልጡ ከልጡ ጋር ሲሄድ፣ ቀዳዳዎቹ ስምንት ማዕዘን ሆነው ሲደረደሩ፣ እጅ የሠራው ሳይሆን እዚያው የበቀለ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ወንበሩን ገልብጠው እንዲያዩት አይወድም። "ላዩን እዩ፣ የሚቀመጡት ላዩ ላይ ነው" እያለ ሰውን ያዋክባል። እውነቱን ለመናገር ሥሩ የወፍ ጎጆ ነው። ቋጠሮው ተደራርቦ፣ የልጡ ጭራ ወዲያና ወዲህ ተንጨባሮ ይታያል፤ ቀጭን ሱሪ የለበሰ ሰው ወንበሩን አንስቶ ሲሄድ እግሩን ይቧጭረዋል። ሚስቱ "ያንተን ወንበር መገልበጥ እንግዳ ሳይነገረው ጓዳ ሲገባ ማለት ነው" ትለዋለች። እሱም ይስቃል። የሳቁን ውሸትነት ግን ሃያ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ አታጣውም።

እጁ ሰንፎ አይደለም። የታቹን ሥራ አልተማረውም፤ የታቹ ሥራ የእህቱ ነበር።

አባታቸው ወንበር ጎንጓኝ ነበሩ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ጠባብ ክፍልና ጎንበስ ማለት የማይሆንለት ወገብ ነበራቸው። ይህ ሥራ ደግሞ የሚኖረው በጎንበስ ቀና ነው። ልጡ ከላይ በቀዳዳ ይገባል፣ ከታች ይሳባል፣ ሳይጠማዘዝ በሚቀጥለው ቀዳዳ ይመለሳል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ለአንድ መቀመጫ ስንት መቶ ጊዜ ጎንበስ ቀና እንደሚል ወገቡ እንጂ እሱ አይቆጥረውም። አባት ይህን አስበው ወንበሩን በሁለት ሳጥን ላይ ከፍ አድርገው ልጆቻቸውን ከላይና ከታች አሰለፉ። ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከላይ ያስገባል። በአምስት ዓመት የምታንሰው እህቱ ጆንያ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ትስባለች፣ ትመልሳለች፣ ትቋጥራለች። ትንሽ ስለሆነች ሥሩ በደንብ ትገባለች፤ ምክንያቱ ይኸው ነበር። አድጋ፣ ጉልበቷን አጥፋ መግባት ካስፈለጋት በኋላ ምክንያቱ አሁንም አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

መግባቢያም ነበራቸው። የላዩ ሰው የወንበሩን ጠርዝ በወስፌው እጀታ አንዴ ሲያንኳኳ "ሳቢ" ማለት ነው። ሁለቴ "ቆዪ" ነው። ሦስቴ ደግሞ "አለቀ፣ ውጪ"። የታቹ ሰው አያንኳኳም። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚለው ብቻ ነበር፤ ጎረቤት በዚያ ድምፅ ሕፃን ያስተኛ ነበር ይባላል።

እህቱን ሚጡ ነበር የሚሏት። አንድ ቀን ሚጡ ሦስቴ ቢንኳኳላት አልወጣ አለች።

"ውጪ እንጂ! አልቋል እኮ!"

"ልወጣ ነው፣ ወንበሩ አልለቅ አለኝ!"

ጎንበስ ብለው ቢያዩ ፀጉሯ ከተንጠለጠሉት የልጥ ጭራዎች ጋር ተጎንጉኗል። አባት መቀስ ይዘው መጡ። ልጡን ልቁረጠው ወይስ ፀጉሯን ብለው ጥቂት አሰቡና ፀጉሯን ቆረጡ። ሚጡ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ሥሩ ገብታ እያንዳንዱን ጭራ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ፣ ጫፉን ወደ እንጨቱ መልሳ ወሸቀችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓይነት ቋጠሮ አታውቅም። የነሱ ወንበር ተገልብጦ ቢቀመጥ ላዩ የቱ እንደሆነ የሚያጠራጥር ሆነ፤ ግን ማን ገልብጦ ያያል?

እሱ ከላይ ሆኖ አንዳንዴ ለራሱ "ተስተካከለ ወይ?" ይላል። ከታች ይመለስለታል፣ "እኔ ከዚህ ምን አይቼ! የምታየው አንተ ነህ።" ይሄ የዘወትር ቀልዳቸው ነበር። ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ የገባው በጣም ቆይቶ ነው።

አባት ሞቱ፤ ሥራው ለሁለቱ ቀረ። ደንበኛ ሲመጣ የሚያየው ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ "እጅህ ይባረክ" የሚባለውም እሱ ነው። ከወንበሩ ሥር የወጡ ሁለት እግሮችን ሰላም የሚል ሰው ብዙ አይገኝም። እሱ ሠላሳ ስድስት፣ እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸው አንድ ሆቴል አሥራ ሁለት ወንበር አዘዘ። አሥራ አንዱ አለቀ። አሥራ ሁለተኛው ሳጥኑ ላይ በወጣበት ጠዋት እህቱ ጆንያዋን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

"ወንድም ጋሼ፣ ይቺን የመጨረሻዋን እኔ ከላይ ልሥራት። አንተ ታች ሁንልኝ።"

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ባይኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር ጋሽ ቁጭበሉ ሃያ ሦስት ዓመት ራሱን ጠይቋል። ሰውየው ግን ነበረ። ስለዚህ ሳቀ።

"ሚጡ፣ አንቺ የታችሽን ያዢ። ላዩን ሰው ያየዋል።"

ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። እህቱ ጆንያዋን አነጠፈች፣ ገባች፣ ሳበች፣ መለሰች፣ ቋጠረች። ማታ ሦስቴ አንኳኳ፤ ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች። በማግስቱ የለችም። ጆንያው ታጥፎ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ወስፌዋን ወስዳለች። እሱ ጆንያውን አይቶ ትመለሳለች አለ። ከልብስም ከሌላም አስቀድሞ ወስፌ የሚወስድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ነበረበት፤ አላሰበም።

አክስታቸው ጋ ነው የሄደችው። በሦስተኛው ወር አኩርፎም አፍሮም ሊያመጣት ቢሄድ፣ አክስቲቱ በር ላይ ቆመው "ሄዳለች ልጄ። የት እንደሆነ እንዳልነግርህ አስምላኛለች" አሉት። እንደማሉ፣ ምስጢሩን ይዘው በዓመቱ አረፉ። የመጀመሪያውን ዓመት ተናደደባት። ሁለተኛውን በራሱ ተናደደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ ግን ናፈቃት፤ ሌላ ስም የለውም፣ ናፈቃት። ገበያ ውስጥ ከወደ ኋላዋ እሷን የምትመስል ሴት ባየ ቁጥር ቀድሞ ዞሮ ፊቷን ያያል፤ ስንቷን የሰው ሚስት እንዳስደነገጠ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ወሬ እንኳ አልደረሰውም። ትኑር ትሙት አያውቅም።

እጁ ደግሞ የራሱ ትዝታ አለው። ብቻውን እየሠራ ልጡን በቀዳዳው አስገብቶ ሳያውቀው ጠርዙን አንዴ ያንኳኳል። ከዚያ ትንሽ ይጠብቃል። የሚስብ የለም። ጎንበስ ይላል፣ ራሱ ይስባል። በትዳራቸው መጀመሪያ ሚስቱ ከማድ ቤት ሆና "ማንን ነው የምትጠራው?" ትለው ነበር። ነገሩ ሲገባት መጠየቁን ተወች።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ በቅርቡ ተዛውራ የመጣችው አዋላጅ ወንበር ተሸክማ መጣች። ነጭ ካፖርቷ ላይ ሹራብ ደርባለች።

"ጋሼ፣ ወንበር ይጠግናሉ አሉኝ። የእናቴ ነበር።"

ጋሽ ቁጭበሉ መነጽሩን አወረደ። መቀመጫው ከፊት በኩል እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ወጥቶበታል።

"አምፖል ነው?"

"መጋረጃ" አለች አፍራ።

"መጋረጃ ነው። ግድ የለም ልጄ፣ ይሄ ቀላል ነው።" ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረውና ፊቱ ተቀየረ። ከቀዳዳው ወደ ኋላ፣ የኋላውን እንጨት ተጠግታ፣ መዳፍ የምታህል የድሮ ጥገና አለች። "ይሄን ደግሞ ማነው የለጠፈው? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ የሠራው? እዪ፣ በሰያፍ የሚወርደው ልጥ ሁሉ እርስ በርሱ ተናክሶ! ሲፋተግ ልጡ ተበልቷል እኮ። ይሄን የሠራልሽ ሰው፣ ልጄ፣ በሕይወቱ ወንበር ላይ ተቀምጦም አያውቅ!"

ሻይ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ሳቀች፤ አዋላጇም ፈገግ አለች። ጋሽ ቁጭበሉ የሰውን ሥራ ማብጠልጠል ሲጀምር ይጣፍጥለታል። እንደ ሞቀው ወንበሩን ገለበጠ፤ ስንት ልጥ እንደሚፈጅ ለመገመት ነበር።

ከሥሩ ያለው ቋጠሮ አንድ መስመር ይዞ ተሰልፏል። እያንዳንዱ ጭራ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ እንጨቱ ተመልሶ ተወሽቋል። አውራ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈበት። የሚወጋ ነገር የለም። ደግሞ አሳለፈው።

"ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ።

እሱ አልሰማትም። ወንበሩን አቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"የት ነው ያስጠገንሽው?" አለ በመጨረሻ።

"በፊት እሠራበት የነበረው ከተማ ነው። ከዚህ በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ግንቡን ተጠግታ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ አለች። ደግ ናት። ብቻ ትስቃላችሁ... ወንበሩ ሥር ተኝታ ነው የምትሠራው፣ እንደ መኪና መካኒክ። ስታስረክበኝ ደግሞ 'ላዩን አትዪብኝ፣ ገልብጠሽ እዪልኝ' አለችኝ።"

"ገልብጠሽ እዪልኝ አለች?"

"አዎ። እኔም ገርሞኝ 'ላዩንስ ለምን እንደዚህ አላሳመርሽውም?' ብላት፣ 'ላዩን አልተማርኩም' አለች። 'የሥሩን ያስተማረሽ ሰው ላዩን እንዴት ሳያስተምርሽ ቀረ?' አልኳት።"

"ምን አለችሽ?"

"'ወንድሜ ሥራ ይበዛበት ነበር' አለች።"

ጋሽ ቁጭበሉ መነጽሩን አወለቀ። መጥረጊያ ጨርቁ ከእጁ ላይ ነበር፤ እሱ ግን በጨርቁ ያበሰው መነጽሩን ሳይሆን ወንበሩን ነው።

"ያውቋታል እንዴ ጋሼ?"

"እህቴ ናት" አለ። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "አሁን የሰደብኳት" አለ።

አዋላጇ ወንበሩን ትታለት ሄደች። "ሲደርስ ይደርሳል" ብላው ነበርና ሥራው አልደረሰም። አንድ ቀን ልጡን ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈ፤ ሳይነካው ውሎ መልሶ አደረቀው። በሌላው ቀን የተበላውን ሰያፍ ሊያወጣ መቀስ አነሳ፤ ከእሷ እጅ የቀረለት ይቺ ብቻ መሆኗ ትዝ ሲለው መቀሱን ሰቀለው። ቁጭ ብሎ የላዩን ስህተት ብቻ ያያል። የሚያውቀው ስህተት ነው፤ ሥራውን ከታች ብቻ የምታውቅ ሴት የምትሠራው ስህተት ነው። ወደ ቀኝ የሚወርደውንም ወደ ግራ የሚወርደውንም ሰያፍ በአንድ ዓይነት መንገድ አስገብታዋለች። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነግሯት ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር። ያ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ነበር፤ ከራሷ በላይ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ተቀምጦ ያንኳኳ ነበር።

"ሂድ እንጂ" አለችው ሚስቱ በአምስተኛው ቀን።

"ጉልበቴ እንዴት አድርጎ ሰባት ሰዓት ይችላል?"

"ጉልበትህ ካርታ መጫወቻ ቤት ለመሄድ ሲሆን ይችላል።"

"ደግሞ የሐኪም ቤቱ ወንበሮች አሉብኝ።"

"ሰዉ ቆሞ ይታከም። አንተ ሰው፣ ምንድነው የምትፈራው?"

የሚፈራውን ያውቃል። መስደቧን አይፈራም፤ ብትሰድበው ደስ ይለዋል። የሚፈራው እንደ ማንኛውም ደንበኛ በትሕትና "አቤት፣ ምን ልታዘዝ?" ብላ ብትቀበለው ነው። እሱን ለሚስቱ ነገራት። እሷም "እንግዲያው እንደ ደንበኛ ወንበር ይዘህ ሂዳ" አለችው።

አዋላጇን አስፈቀደ፤ "ሰላም በሉልኝ" አለችው። ልጡን ዘፍዝፎ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለ። ከዚያ አልጋው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት እንደታጠፈ የኖረውን ጆንያ አውጥቶ መቀመጫው ላይ አሰረው።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ወንበሩን ጣራ ላይ ልጫን ቢለው እምቢ አለ። ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አራቱን እግሮች እንደ ቀንድ ወደ ፊት ቀስሮ ተቀመጠ። መተላለፊያው ላይ የቆሙ አንድ ወይዘሮ "አባቴ፣ ወንበር ታቅፈው ሰው ይቆማል?" ብለው ተቆጡት። "ቀዳዳ ነው እመቤቴ፣ ይውጥዎታል" አላቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ ግን የሚናገረውን እያጠና ነበር። መጀመሪያ ይቅርታ ይላታል፤ ከዚያ ስለ ሆቴሉ ሰውዬ ያስረዳታል፤ ከዚያ አክስታቸው ጋ መሄዱን ይነግራታል። ሰባት ሰዓት ሙሉ ቃሉን አሳመረው።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለውን ግንብ ለማግኘት ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም። አንድ ጎማ ጠጋኝና አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አልፎ፣ በሁለት ሳጥን ላይ ከፍ ያለ ወንበር አየ። ከሥሩ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ላዩ ላይ የተቀመጠ የለም። አንድ እጅ ከሥር ወጥቶ በዳሰሳ ልጡን ቀዳዳው ውስጥ ያስገባና ይመለሳል፤ ከዚያ ልጡ ወደ ታች ይሳባል። እህቱ ሃያ ሦስት ዓመት የሁለት ሰው ሥራ እንዲህ ነበር የምትሠራው፤ ከታች ሆና ላዩን በዳሰሳ።

ያጠናው ቃል ሁሉ በነነ። ቆመ። የእህቱ እጅ እንደገና ሊወጣ ሲል ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ወንበር ሥር ሲተኛ የኖረ ሰው የሚያውቀው የሰው ፊት ሳይሆን ጫማ ነው።

"ጫማህ አዲስ ነው" አለ ድምፁ ከሥር። ሻከር ብሏል፤ ግን የእሷ ነው። "አቋቋምህ ግን ያው ነው። ቀኝ እግርህ ዛሬም ወደ ውጭ ነው የሚያየው።"

"ወንበር ይዤ መጣሁ" አለ። ሰባት ሰዓት አስቦ ያገኘው ይህንን ነው።

"እዚህ ወንበር ይዞ የማይመጣ ማን አለ።"

ወጣች። ፀጉሯ በሻሽ ታስሯል፤ በጎኑ የወጣው ነጭ ነው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገች፣ እሱን ሳይሆን ወንበሩን አየች። ጣቷን ልጥፏ ላይ አሳረፈች።

"የአዋላጇ ነው። ተቀድዷል?"

"የተቀደደው ፊት ለፊቱ ነው። ያንቺ ይዟል። ሰላም በልልኝ ብላለች።"

"ያስጠላል እኮ።"

"ያስጠላል" አለ፤ መዋሸት አልቻለበትም። ሁለቱም ሊስቁ ትንሽ ቀራቸው።

"ሰያፉ ይነክስብኛል" አለች። "ስንቱን ወንበር ገልብጬ አጠናሁት። ለምን እንደሚነክስ እስከ ዛሬ አልገባኝም።"

ጋሽ ቁጭበሉ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳያት። "ወደ ቀኝ የምትወርደዋ በቋሚዎቹ ላይ፣ በአግዳሚዎቹ ሥር ትሄዳለች። ወደ ግራ የምትወርደዋ የዚያን ተቃራኒ።"

"ከዚያስ?"

"ሌላ የለም።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እህቱ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ጣቷ ቋሚውንና አግዳሚውን እየተከተለ ሄደ፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። "አንዲት ቃል ነበረች በለኛ" አለች።

"አንዲት ቃል ነበረች። ነፈግኩሽ።"

"ሥራ ይበዛብህ ነበር።"

"ሥራ አልበዛብኝም። ሰው እኔን ብቻ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው።"

 ሬዲዮ ጠጋኙ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ በይፋ ያዳምጣቸዋል። እሷ ዓይኗን በመዳፏ ጀርባ ጠረገች፤ ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። "እና አሁን ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?" አለችው።

ጆንያውን ከወንበሩ ፈትቶ ዘረጋው። ስታየው እጇ አፏ ላይ ሄደ። እሱ ሳጥኖቹ ላይ የነበረውን ወንበር አውርዶ የአዋላጇን ተካው፣ ጆንያውን ከሥሩ አነጠፈ፣ አንድ እጁን መሬት ላይ ተክሎ መውረድ ጀመረ። ጉልበቱ ግጭ አለ።

"አንተ፣ ይሄ ዕድሜ እኮ ነው! ከገባህ በኋላ መውጣት ትችላለህ?"

"ፀጉር የለኝ፣ ምን ይይዘኛል?"

ከሥሩ ገብቶ በጀርባው ተኛ። ከላይ የመቀስ ድምፅ ተሰማ፤ የሚናከሱትን ሰያፎች እሷው አንድ በአንድ ቆርጣ ስታወጣ ብናኙ ፊቱ ላይ ይወርዳል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚያያት በቁራጭ በቁራጭ ነው፤ ትንሽ ሻሽ፣ ትንሽ ጉንጭ፣ ትንሽ ሰማይ። ይህን ያህል ዘመን ከላይ ሲያንኳኳ ከዚህ ምን እንደሚታይ ጠይቆ አያውቅም። የሚታየው ይህ ነው። ደግሞም ይጠበቃል። የላዩ ሰው እስኪያስብ፣ እስኪያስተካክል፣ ከደንበኛ ጋር እስኪያወራ፣ የታቹ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ክንዱ መዛል ጀመረ፤ አላወረደውም።

የልጡ ጫፍ በቀዳዳው ብቅ አለ። ሁለቴ ተንኳኳ። ቆየ። ልጡ ወደ ላይ ተመለሰና በሌላ በኩል ዞሮ መጣ።

"አሁን ተስተካከለ ወይ?" አለች ከላይ።

"ከዚህ አይታየኝም፣ እታለም" አለ። እታለም ብሏት አያውቅም ነበር። "የምታዪው አንቺ ነሽ።"

 ጫማዎች በወንበሩ ዳር እያለፉ ሄዱ። ከዚያ ጠርዙ ላይ፣ አንዴ፣ ኳ አለ፤ ጋሽ ቁጭበሉም ሳበ።